የቀነስነው ክብደት ለምን ተመልሶ ይመጣል?

ቅዳሜ የላሊበላ የገበያ ቀን ነው። ከላስታ ገጠሮች ጤፉን፣ ገብሱን፣ ባቄላውንና በጉን ይዞ የሚመጣው ሰው ከማለዳ ጀምሮ ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ ይያያዘዋል። ብዙ ጊዜ ሳይተያዩ የቆዩ ሰዎች በገበያው ሲገናኙ ሰላምታው ረዥም ነው። ጤናው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሁሉ ይጠየቃል። ከዚያ ዓይን ወደ ሰውነት ይዞራል። ሞላ ያለው «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» ይባላል። የቀነሰው ደግሞ «ምነው ከሳህ? አሞህ ነበር እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል።

እስቲ ለማሳያ ያህል በዚህች ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። ዕድሜያቸው 46 ነው። በልጅነታቸው በገጠር ውኃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲለቅሙ፣ ከብት ሲያግዱ አድገው ዛሬ በከተማዋ አነስተኛ ምግብ ቤት ያስተዳድራሉ። ከማለዳ እስከ ምሽት ከምድጃውና ከሒሳብ መቀበያው አይርቁም። ቁመታቸው አንድ ሜትር ከ58 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው 82 ኪሎ ግራም ነበር። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ሲገኝባቸው የጤና ባለሙያ መክሯቸው በአንድ ዓመት 11 ኪሎ ቀነሱ። ግፊታቸው ወረደ፤ የጉልበታቸው ሕመም ቀለለ። በሁለተኛው ዓመት ግን ኪሎው አንድ ሁለት እያለ መመለስ ጀመረ። በሦስተኛው ዓመት ሚዛኑ 81 አሳየ። እኚህ እናት «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብለው አፈሩ፤ ባለሙያው ፊት መቅረቡንም ተዉት።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ራሳቸውን የሚያገኙ አንባቢያን ጥቂት አይሆኑም። ስለ ውፍረት በሚሰጡ ምክሮች ውስጥ በብዛት የሚነገረው ክብደት እንዴት እንደሚቀነስ ነው። የቀነሱትን ለዓመታት ጠብቆ መቆየት ለምን እንደሚከብድ ግን ብዙም አይነገርም። የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

ውፍረት የእኛም ጉዳይ ነው?

ላስታና አካባቢው በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በድርቅና በምግብ እጥረት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ቁጥሮቹ ግን ሁለቱ ችግሮች ጎን ለጎን እንደሚኖሩ ያሳያሉ።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያመለክተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 22 በመቶ የሚሆኑት ከተገቢው በታች የከሱ ነበሩ። 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከልክ ያለፈ ክብደት ወይም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበራቸው። ይኸው ቁጥር በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው ዳሰሳ 3 በመቶ ብቻ ነበር። ልዩነቱ በከተማና በገጠር መካከል ይሰፋል፤ በከተማ 21 በመቶ ሲሆን በገጠር 4 በመቶ ነው። በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። በአንድ ወረዳ፣ አልፎ አልፎም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ የቀነጨረ ሕፃንና ከመጠን በላይ የወፈረች እናት ሊገኙ ይችላሉ ማለት ነው።

በዓለም ደረጃ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ከስምንት ሰዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረበት።

ውፍረትን ለመለየት ባለሙያዎች የሰውነት ክብደትን ከቁመት ጋር ያመዛዝናሉ። ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። ውጤቱ 25ና ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደቱ ከልክ አልፏል፤ 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። የምሳሌያችን እናት 82ን ለ1.58 ሁለት ጊዜ ሲያካፍሉ 33 ገደማ ያገኛሉ።

ሚዛን በቤቱ የሌለው ሰውም ራሱን የሚፈትሽበት ቀላል መንገድ አለ። ቁመትን በገመድ ይለኩና ገመዱን እኩል ለሁለት ያጥፉት። የታጠፈው ገመድ ወገብዎን ዞሮ ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ የወገብዎ ዙሪያ ከቁመትዎ ግማሽ በልጧል። ይህም በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማልና መመርመር ተገቢ ነው። በሆድ አካባቢ የሚከማች ስብ ከዳሌና ከጭን ስብ ይልቅ ለልብና ለስኳር ሕመም ያጋልጣል።

ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል። ለጉልበት መገጣጠሚያ መጎዳት፣ በጉበት ላይ ስብ ለመከማቸት፣ በእንቅልፍ ጊዜ ለሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥና ለተወሰኑ የካንሰር ዓይነቶችም አንዱ መንስኤ ነው።

ሰውነት ክፉ ቀንን ይጠብቃል

ክፉ ቀን ያየ ገበሬ ምን እንደሚያደርግ የወሎ ሰው ያውቃል። እህሉ ሲመናመን ቤተሰቡ ከሦስት ጊዜ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ማዕድ ይወርዳል። ከጎታው የሚወጣው እህል በእፍኝ ይለካል። በቀጣዩ ዓመት አዝመራው ሲሰምር ደግሞ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚያስበው የጎደለውን ጎታ መሙላት ነው።

የሰው አካልም ክብደት ሲቀንስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሐኪም መክሮት ለጤናው ብሎ የቀነሰውን ሰው አካሉ በድርቅ ከተመታው ሰው አይለየውም። ስቡ ሲጎድል ረሃብ መጣ ብሎ ይነሣል።

ይህ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የምግብ ፍላጎት መጨመር ነው። ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ከስብ ሕዋሳት እየመነጨ ለአእምሮ «በቂ ስንቅ አለ» የሚል መልእክት ያደርሳል። ስቡ ሲቀንስ የሌፕቲን መጠንም ይወርዳል። በተቃራኒው ከጨጓራ የሚመነጨውና ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ይጨምራል። ሰውየው ከበፊቱ በበለጠ ይርበዋል፤ ቶሎም አይጠግብም። ሁለተኛው ቁጠባ ነው። አካል ተቀምጦም ተኝቶም የሚያወጣውን ጉልበት ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ትናንት ክብደት ያስቀነሰው የምግብ መጠን ዛሬ ያለውን ክብደት ከመጠበቅ አያልፍም።

በአውስትራሊያ ሜልቦርን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ክብደት የቀነሱ 50 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላም ረሃብን የሚቆጣጠሩት ሆርሞኖች ወደ ቀድሞ ቦታቸው አልተመለሱም፤ ተሳታፊዎቹም የበለጠ ይርባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ተሳታፊ የነበሩ 14 ሰዎችን መርምሯል። በውድድሩ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ከዚህ ውስጥ 41 ኪሎው ተመልሷል። አካላቸው በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያወጣው ጉልበትም ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር።

እንግዲህ ክብደቱ የተመለሰበትን ሰው «ሆዳም» ወይም «ሰነፍ» ማለት ስህተት መሆኑ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ያ ሰው በየቀኑ የሚታገለው ከራሱ አካል ጋር ነው። ትግሉም ኪሎው በቀነሰበት ቀን አያበቃም።

በማኅፀን የተጀመረ ታሪክ

ለሰሜን ወሎ ሰው ይህ ጉዳይ ሌላም ገጽታ አለው። በ1975 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1977 ዓ.ም. የዘለቀው ድርቅና ረሃብ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ይህ ነው። በዚያን ጊዜ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ልጆች ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው።

በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ ወረዳ ከዚያ ረሃብ በተረፉ ሰዎች ላይ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጥናት አካሂደዋል። ጥናቱ በማኅፀን ሳሉ ለረሃብ የተጋለጡ ሰዎች ጎልማሳ ሲሆኑ የሆድ ውፍረት፣ የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የቅባት መዛባት ተደራርበው ለሚታዩበት የጤና ችግር ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አመልክቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት፣ በረሃብ ከተመታችው ሆላንድ የተወለዱ ሰዎችን የተከታተሉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። ምክንያቱን ተመራማሪዎች ሲያስረዱ፣ በማኅፀን የተራበ ጽንስ አካሉን ለችግር ዘመን ያዘጋጃል ይላሉ። ሲያድግ የሚጠብቀው ግን ዘይት፣ ስኳርና ተቀምጦ መዋል ከሆነ ለዚህ ያልተዘጋጀው አካል ይታመማል።

የምሳሌያችንን እናት ዕድሜ ልብ ይበሉ። የእርሳቸው አካል ከልጅነታቸው አንሥቶ ቁጠባን የለመደ ሊሆን ይችላል። በዚህ አካባቢ ተወልዶ ያደገ የአርባዎቹ ዕድሜ ሰው፣ ብዙ ባይወፍርም እንኳ ግፊቱንና የደም ስኳሩን በየጊዜው እንዲለካ የሚመከረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ጾምና ፍስክ

በላስታ የዓመቱ የምግብ ሥርዓት ከጾም ጋር የተያያዘ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ የሆነ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ ከዚህም በላይ። በወሎ አብሮ የሚኖረው ሙስሊም ወገናችንም ረመዳንን ይጾማል። የጾም ዓላማ መንፈሳዊ ነው እንጂ ክብደት መቀነስ አይደለም። ይሁንና ክብደቱን ለመጠበቅ የሚጥር ሰው ሁለት ነገር ቢያስተውል ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያው የጾም ምግብ ሁሉ አያወፍርም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑ ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩና ጎመኑ ጥሩ ምግቦች ናቸው። ነገር ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለው። ለአንድ ወጥ በጭልፋ የሚጨመረው ዘይት፣ ከሻይ ጋር የሚበላው ፓስቲና ብስኩት፣ በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው 30 ግራም ገደማ ስኳር ሲደመሩ የጾም ማዕድ ከፍስኩ የማይተናነስ ጉልበት ይሸከማል። ሙሉ ቀን ውሎ ማታ ላይ በአንድ ጊዜ አብዝቶ መብላትም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው መዋዠቁ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን አራት ኪሎ የቀነሰ ሰው በፋሲካ ሰሞን ዶሮው፣ ክትፎው፣ ጠላውና ጠጁ ሲከታተልበት በጥቂት ሳምንታት ሊመልሰው ይችላል። ላሊበላ ላይ ደግሞ ታኅሣሥ 29 የሚከበረው የገና በዓል አለ። ከሩቅ የሚመጣውን ምእመን የሚያስተናግድ ቤት ሁሉ ከጋገረውና ከጠመቀው ይቀምሳል። ጠላና ጠጅ መጠጥ ስለሆኑ ከምግብ አይቆጠሩም፤ አልኮል ግን በግራም ሰባት ካሎሪ አለው። በዓሉን በደስታ ማክበር ተገቢ ነው። ጉዳት የሚያመጣው የበዓሉ ቀን ሳይሆን ከበዓሉ በኋላ ሳምንታት የሚዘልቀው አበላል ነው።

ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ጾም ከመግባቱ በፊት ከሐኪማቸው ጋር መነጋገር አለባቸው። መድኃኒት እየወሰዱ ለረዥም ሰዓት አለመብላት የደም ስኳርን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርድ ይችላል። በዚህ ጉዳይ የንስሐ አባትን ማማከርም የተለመደና ተገቢ ነው።

የሰው ዓይንና ጉርሻ

ክብደትን ጠብቆ መቆየት የአንድ ሰው ብቻ ሥራ አይደለም። የምሳሌያችን እናት 11 ኪሎ ሲቀንሱ ገበያው ያላቸው «ምን ነካሽ?» ነው። አንዳንዱ በኤች አይ ቪ፣ አንዳንዱ በሳንባ ነቀርሳ ይጠረጥራል። ሥራ የተቀዛቀዘባቸው፣ ትዳር የተበላሸባቸው የመሰለውም ይኖራል። ረሃብን ባየ ማኅበረሰብ ውስጥ መሙላት የጤናና የደህንነት ምልክት፣ መክሳት የችግር ምልክት ሆኖ መቆየቱ ምክንያት አለው። ይህን አስተያየት በየቀኑ የሚሰማ ሰው ግን ወደ ቀድሞ ክብደቱ መመለሱ እንደ ማገገም ይታየዋል።

በማዕድ ላይም እንዲሁ ነው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ተብሎ የተዘረጋን ጉርሻ መመለስ ፍቅርን እንደ መግፋት ይቆጠራል። ስለዚህ ሕክምናው ቤተሰቡን ካልጨመረ ብዙ አይራመድም። ባል፣ ሚስት፣ ልጆችና ጎረቤት ነገሩ ሕክምና መሆኑን ሊያውቁ ይገባል። ለስኳር ሕመምተኛ ስኳር የበዛበት ሻይ በግድ እንደማይቀርብ ሁሉ ክብደቱን ለሚጠብቅ ሰውም «አንዴ ብቻ» እያሉ ማስገደድ አይገባም። «ከሳህ» የሚለውንም «በርታ» በሚለው ብንተካው ከመድኃኒት የማይተናነስ እገዛ ነው።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

ባለሙያዎች ዛሬ ከመጠን ያለፈ ውፍረትን እንደ ደም ግፊትና እንደ ስኳር ሁሉ ሥር የሰደደና ተመላልሶ የሚነሣ ሕመም አድርገው ያዩታል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግፊቱ ሲስተካከል መድኃኒቱን ቢያቆም ተመልሶ ይጨምርበታል። በውፍረት ሕክምናም ክትትሉ ሲቆም ክብደቱ ይመለሳል። ችግሩ ብዙዎቻችን ክብደት መቀነስን ለሦስት ወር የሚደረግ ዘመቻ አድርገን መውሰዳችን ነው።

በመጀመሪያ ግቡ ልከኛ ይሁን። ከክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ግፊትን፣ የደም ስኳርንና የጉልበት ሕመምን በሚታይ መጠን ያሻሽላል። ለምሳሌያችን እናት ይህ ከአራት እስከ ስምንት ኪሎ ማለት ነው። 60 ኪሎ እስኪደርሱ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።

በአሜሪካ ከ5 ሺህ በላይ የስኳር ሕመምተኞችን ያሳተፈ ረዥም ጥናት፣ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ የቅርብ ክትትል ከተደረገላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከስምንት ዓመት በኋላም ቢያንስ 5 በመቶ ቀንሰው መቆየታቸውን አሳይቷል። ለስኳር ሕመም ተጋላጭ በሆኑ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ በአኗኗር ለውጥ የሕመሙ መከሰት በ58 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ከአሥር ዓመት በኋላ አብዛኛው የተቀነሰ ክብደት ተመልሶ ነበር። እንዲያም ሆኖ በእነዚህ ሰዎች ላይ የስኳር ሕመም መከሰት ከሌሎቹ በ34 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ኪሎው ቢመለስም ልፋቱ ከንቱ አልቀረም ማለት ነው።

አዳዲስ መድኃኒቶችም መጥተዋል። ሴማግሉታይድ የተባለው በሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒት በአንድ ትልቅ ጥናት በ68 ሳምንታት ክብደትን በአማካይ 15 በመቶ ያህል ቀንሷል። መድኃኒቱ በቆመ በአንድ ዓመት ግን ከቀነሰው ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2018 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ እነዚህን መድኃኒቶች ለአዋቂዎች የረዥም ጊዜ ሕክምና በቅድመ ሁኔታ የደገፈ ሲሆን ከጤናማ አመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር እንዲሰጡ መክሯል። ለእርጉዝ ሴቶች አይሰጡም። ዋጋቸውም ለብዙው ሰው የሚቻል አይደለም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከየትም ገዝቶ መወጋት አደገኛ ነው። ጨጓራን የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምናም ውፍረታቸው ለከፋ ሰዎች ጥሩ ውጤት አለው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን የቫይታሚንና የአመጋገብ ክትትሉ ዕድሜ ልክ ነው።

በየሱቁና በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚሸጡ «የማቅጠኛ» ሻዮችና ዱቄቶች ብዙዎቹ ሆድን የሚያስቀምጡ ወይም ውኃ የሚያስወጡ ናቸው። ሚዛኑ ላይ የሚቀንሰው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ለኩላሊትም ጉዳት ሊያመጡ ይችላሉ።

ክትትል በእኛ አገር ሁኔታ ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል። ጤና ተቋሙ ከሩቅ ገጠር ለሚመጣ ሰው የቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። በ2013ና 2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ በተካሄደው ጦርነት እንደታየው፣ ጤና ተቋማት ሲጎዱና መድኃኒት ሲቋረጥ የረዥም ጊዜ ሕሙማን ቀዳሚ ተጎጂ ይሆናሉ። ስለዚህ ሆስፒታል የማይጠይቁ ክትትሎችን ወደ ቤትና ወደ ሠፈር ማምጣት ያስፈልጋል። የግፊትና የስኳር ክትትል ያለው ሰው በቀጠሮው ቀን ክብደቱም ተለክቶ እንዲነገረው ይጠይቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ክብደትን፣ የወገብ ልክንና ግፊትን በተመለከተ ልታግዝ ትችላለች።

ምን እናድርግ?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ክብደት ቀንሰው የቀነሱትን ጠብቀው የቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት አንድ መዝገብ አለ። ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዝግበውበታል። የቀነሱበት መንገድ የተለያየ ቢሆንም ጠብቀው የቆዩበት መንገድ ይመሳሰላል። አብዛኞቹ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፤ ብዙውን ጊዜም በእግር ይሄዳሉ። ቁርስ ይበላሉ፤ በሳምንት አንዴ ይመዘናሉ፤ ቴሌቪዥን ፊት ብዙ አይቀመጡም።

ይህንን ወደ ላሊበላ ብናመጣው የሚከብድ አይሆንም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዳገት ላይ የተቀመጠች ናት። ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ገበያና ወደ ዘመድ ቤት በባጃጅ ፋንታ በእግር መሄድ በራሱ ስፖርት ነው። አቅም ሲዳብር ከከተማዋ በላይ ወዳለው አሸተን ማርያም የሚወስደው አቀበት አለ። የልብ ሕመም፣ የደረት ውጋት ወይም የበረታ የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ግን በሜዳ ላይ በአሥር ደቂቃ ይጀምር፤ ሐኪሙንም ያማክር።

ምግብን በተመለከተ በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም የተለያየ ምግብ መመገብን፣ ስኳር፣ ጨውና ቅባት መቀነስን ይመክራል። በተግባር ሲታይ የሚከተሉት ይጠቅማሉ።

ለወጥ የሚጨመረውን ዘይት በማንኪያ ለክቶ መጨመር፤ ጭልፋን መተው። ከእንጀራው ቀንሶ ከጎመን፣ ከምስርና ከሽሮ መጨመር። በሻይና በቡና ላይ የሚጨመረውን ስኳር በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ መቀነስ፤ ምላስ ይለምደዋል። ለስላሳ መጠጥን ለበዓል ብቻ ማድረግ። ለመክሰስ ብስኩትን ትቶ ቆሎን በእፍኝ መውሰድ። በጋራ ትሪ ሲበላ የራስን ድርሻ ከፊት ለይቶ ማስቀመጥ፤ ከጠገቡ በኋላ ትሪው እስኪነሣ እጅ አይመለስም። በቂ እንቅልፍ መተኛትም እንዳይዘነጋ። እንቅልፍ ያጣ ሰው የበለጠ ይርበዋል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ በፊት፣ መመዘን ወይም ወገብን በዚያው ገመድ መለካትና ቁጥሩን መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው። ሁለት ኪሎ ከጨመረ ያኔውኑ ወደ ልማዱ መመለስ ይቻላል። አሥር ኪሎ እስኪጨምር ከተጠበቀ ግን ትግሉ እንደ አዲስ ይጀምራል።

አንዳንድ መድኃኒቶችም ክብደት ይጨምራሉ። ኢንሱሊን፣ ስቴሮይድ፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችና በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ይህን ያወቀ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ማቋረጥ የለበትም፤ አማራጭ ካለ ሐኪሙን ይጠይቅ። ምንም ሳይለወጥ በአጭር ጊዜ የመጣ ውፍረት፣ ወይም ሳይታሰብ የመጣ መክሳት፣ ሁለቱም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

ወደ ምሳሌያችን እናት እንመለስ። ኪሎው ሲመለስባቸው ያደረጉት ትልቁ ስህተት መወፈራቸው አይደለም፤ አፍረው መቅረታቸው ነው። በመቅረታቸው የግፊቱም የስኳሩም ክትትል አብሮ ተቋረጠ፤ ኩላሊትን፣ ዓይንንና ልብን የሚጎዳው ደግሞ ይህ ነው። ዛሬ ተነሥተው ወደ ጤና ተቋሙ ቢሄዱ «ለምን ተመለሰ?» ተብለው ሊወቀሱ አይገባም። «እንኳን መጡ» ተብለው ከ81 ኪሎ እንደገና ሊጀምሩ ይገባል። ዘንድሮ አራት ኪሎ ቀንሰው ለሦስት ዓመት ጠብቀው ቢቆዩ፣ ቀድሞ በአንድ ዓመት ከቀነሱት 11 ኪሎ የተሻለ ጤና ያገኛሉ።

እርስዎም ውድ አንባቢ፣ ቀንሰው የተመለሰብዎ ከሆነ ቀጠሮዎን አይተዉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ላይ ቀነስ ብሎ ያገኙትን ወዳጅዎንም «ምን ነካህ?» ከማለትዎ በፊት ሰላምታውን ብቻ ያድርሱት።